የፖርሽ የእንጀራ ልጅ፦ ዋጋው ወርዶ ወጪው ያልወረደው 944

ጉዳዩ የሚጀምረው ከአንዲት ባለ ጥርስ የጎማ ቺንጋ ነው። ወርዷ ሁለት ጣት ቢሆን ነው፤ ዋጋዋም አንድ ቤተሰብ ምግብ ቤት ገብቶ ከሚያወጣው ገንዘብ ብዙም አይርቅም። ይህች ቺንጋ የጀርመኑ የስፖርት መኪና አምራች ፖርሽ በሠራው፣ 944 በተባለው መኪና ሞተር ፊት ተጠምዳ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ ከዋናው የሞተር ዘንግ ጋር እኩል ታስኬዳለች። የውሃ ፓምፑንም የምታዞረው እሷው ናት። ደህና እስከሆነች ድረስ ማንም አያስታውሳትም። በተበጠሰች ቅጽበት ግን ፒስተኖቹ ወደ ላይ ሲወጡ ተከፍተው የቀሩትን ቫልቮች ያገኟቸዋል። ቫልቮቹ ይጎብጣሉ፤ ሞተሩ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ቴስታታውን (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይኛ ክፍል) አውርዶ፣ የጎበጡትን ቀይሮ፣ መልሶ ለመግጠም የሚጠየቀው ሒሳብ ለብዙ ዓመታት ከመኪናው ከራሱ ዋጋ ይበልጥ ነበር።

ብዙ 944ዎች ከመንገድ የወጡት በዚህ ሒሳብ ነው። መካኒኩ ዋጋውን ይናገራል፤ ባለቤቱ አንገቱን ይነቀንቃል፤ መኪናው ከጓሮ ይቆማል፤ ከዓመታት በኋላ ለመለዋወጫ ይፈታል። ዛሬ አንድ ሰው የፖርሽ ዓርማ ያለበትን መኪና በአንድ ያገለገለ ቶዮታ ኮሮላ ዋጋ ሲሸጥ አይቶ ልቡ ሲነሳሳ ይህን ታሪክ አያውቅም። እኔም ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በተለይ ለእሱ ነው።

የተናቁ አሮጌ የስፖርት መኪናዎች ብዙ ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ የተናቁበት ምክንያት አላቸው፤ የአንዱ ሞተር ደካማ ነው፣ የሌላውን ቆርቆሮ ዝገት በልቶታል፣ የሦስተኛው መለዋወጫ ከገበያ ጠፍቷል። 944 ግን በጥንቃቄ የተነደፈ፣ አካሉ ዝገትን እንዲቋቋም በዚንክ የተለበጠ፣ በብዛት የተመረተና መለዋወጫው እስከ ዛሬ የሚገኝ መኪና ነው። እንዲያም ሆኖ ዕድሜውን በሙሉ በፖርሽ ቤት የእንጀራ ልጅ ሆኖ ኖረ። ጉዳዩን ለጥናት የሚያበቃው ይህ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ 944 ሊይዙት የሚገባ መኪና ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻ የሚገዛው ሰው ግን ይጎዳል።

ከማን ተወለደ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቮልስዋገን አንድ የስፖርት መኪና እንዲነድፍለት ለፖርሽ ሥራ ሰጠ። የፕሮጀክቱ መጠሪያ ኢኤ 425 ነበር። ቅርጹን የሣለው ኔዘርላንዳዊው ሃርም ላጋይ ነው። ሥራው ሳያልቅ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ መጣ። በቮልስዋገንም ሩዶልፍ ላይዲንግ ለቀው ቶኒ ሽሙከር ሥልጣኑን ያዙ፤ ኩባንያው ሲሮኮ የተባለችው መኪና ትበቃኛለች ብሎ ፕሮጀክቱን ተወው። ፖርሽ በገዛ እጁ የነደፈውን መኪና መልሶ ገዛ። የሚመረተው ግን በራሱ ግቢ ሳይሆን ኔካርሱልም በሚገኘው፣ ለመዘጋት ተቃርቦ በነበረው የአውዲ ፋብሪካ ሆነ። መኪናው 924 ተብሎ በ1976 ለገበያ ቀረበ።

ንቀቱ ያኔ ተጀመረ። የ924 ባለ ሁለት ሊትር ሞተር ዝርያ በቮልስዋገን የዕቃ መጫኛ ቫን ውስጥም ይገጠም ስለነበር የፖርሽ ዝነኛ መኪና የሆነው የ911 አፍቃሪዎች «ይህ የቫን ሞተር እንጂ ፖርሽ አይደለም» አሉ። መጀመሪያ አሜሪካ የገባው 924 ደግሞ 95 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ ለስድቡ ማጠናከሪያ ሆነ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ክርክር ግር ማለቱ አይቀርም። አዲስ አበባ ላይ ቮልስን ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ስትሄድ ያየ ሰው የቮልስዋገን ዝምድና እንዴት ነውር እንደሚሆን አይገባውም። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። በስሙ የወጣው የመጀመሪያው የስፖርት መኪና 356ም ሲጀመር የተሠራው በቮልስ ክፍሎች ነው። ነውር ከሆነ የቤቱ ሁሉ ነውር ነው።

ፖርሽ ለስድቡ መልስ የሰጠው በ1982 ነው። 944 በሚል ስም የወጣው መኪና የራሱ የፖርሽ ሞተር ተገጠመለት። 928 የተባለው ሌላው የፖርሽ መኪና ትልቅ ሞተር ስምንት ሲሊንደር አለው፤ መሐንዲሶቹ የእሱን ንድፍ አንድ ጎን ወስደው ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር ሞተር ሠሩ። እንዲህ ያለ ትልቅ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በተፈጥሮው ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡን ለማጥፋት ከሞተሩ በሁለት እጥፍ ፍጥነት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩ ሁለት ማመዛዘኛ ዘንጎች ጨመሩ። ሐሳቡ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የፍሬድሪክ ላንቸስተር ነበር፤ አሠራሩን አዘምኖ የፈጠራ መብቱን የያዘው የጃፓኑ ሚትሱቢሺ በመሆኑ ፖርሽ ፈቃድ ገዝቶ ተጠቀመበት። አውሮፓ ላይ 163፣ አሜሪካ ላይ ብክለት መቀነሻው ተጨምሮ 143 የፈረስ ጉልበት ወጣው። ሞተሩ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በ1981 በፈረንሳይ «ለ ማን» በተባለ ከተማ በሚካሄደው የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ተፈትኗል። ዋልተር ሮርልና ዩርገን ባርት በእሱ ላይ የተመሠረተ ባለ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ) ሞተር የተገጠመለትን የሙከራ መኪና ነድተው በአጠቃላይ ሰባተኛ ወጡ።

የመኪናው ትልቁ ሀብት ግን ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ነው፤ ካምቢዮው የተቀመጠበት ቦታ ማለቴ ነው። ሞተሩ ከፊት፣ ካምቢዮው ከኋላ ጎማዎች መካከል ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በወፍራም ቱቦ ውስጥ የሚሽከረከር ቀጭን ዘንግ ነው። በዚህ አቀማመጥ ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እኩል ለእኩል ለመሆን ተቃርቧል። ሰው መሪውን ይዞ ወደ ኩርባ ሲገባ መኪናው በፊቱ ወደ ውጭ አይገፋም፣ ጭራውንም በድንገት አይወረውርም፤ የሚሆነውን አስቀድሞ ለነጂው በመሪው በኩል ይነግረዋል። በዚያ ዘመን በነበረው 911 ላይ በኩርባ መሐል ከነዳጅ ላይ እግርን ማንሳት ያስቀጣ ነበር። 944 ያንን ስህተት ይምራል። ብዙ ሰው በፍጥነት መንዳትን የተማረውም፣ እስከ ዛሬ 944 ስፔክ በሚባለው የውድድር ዘርፍ ሰዎች በትንሽ ገንዘብ የሚወዳደሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ዋጋው እንዴት ወደቀ

አሜሪካ ሲገባ ዋጋው ከ20 ሺህ ዶላር በታች ነበር፤ ገበያውም እጁን ዘርግቶ ተቀበለው። ከ1982 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ከ163 ሺህ በላይ 944ዎች ተሠሩ፤ በዘመኑ ፖርሽ በብዛት ከሸጣቸው መኪናዎች አንዱ ነበር። ባለ 220 የፈረስ ጉልበቱ ተርቦ መጣ። በ1987 ይኸው ተርቦ ለነጂውም ለተሳፋሪውም የአየር ከረጢት በመደበኛነት የተገጠመለት የዓለም የመጀመሪያው መኪና ሆነ። ባለ 190 የፈረስ ጉልበቱ ኤስም ወጣ፤ በ1989 ደግሞ ባለ ሦስት ሊትሩ ኤስ 2 ተከተለ።

ነገሩን ያበላሸው የምንዛሬ ገበያው ነው። በ1985 መጀመሪያ አንድ ዶላር ከ3 የጀርመን ማርክ በላይ ይመነዘር ነበር፤ በ1987 መጨረሻ ከ2 ማርክ በታች ወረደ። ጀርመን ውስጥ የሚሠራ መኪና አሜሪካ ውስጥ በግድ ተወደደ። በዚያው ጊዜ ማዝዳ፣ ኒሳንና ቶዮታ ፈጣን፣ የማይሰበርና ረከስ ያለ የስፖርት መኪና ይዘው ቀረቡ። በጥቅምት 1987 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። በ1986 አሜሪካ ውስጥ ወደ 30 ሺህ መኪና የሸጠው ፖርሽ በ1993 የሸጠው ከ4 ሺህ በታች ነው፤ ኩባንያው ለመክሰር ተቃርቦ ነበር። የ944 የመጨረሻ ወንድም 968 በ1995 ሲቆም የዚህ ቤተሰብ ታሪክ አበቃ።

እንግዲህ ጉዳዩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው፤ አንባቢ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ቢይዝ ይህን እንዲይዝ እፈልጋለሁ። ያገለገለ መኪና ዋጋ በየዓመቱ ይወርዳል። የመለዋወጫውና የመካኒኩ ሰዓት ዋጋ ግን አይወርድም፤ እንዲያውም ይጨምራል። 944 ሲወጣ ባለጸጋ እንዲገዛው፣ ባለጸጋም እንዲጠግነው ተደርጎ የተሠራ መኪና ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ዋጋው ጥቂት ሺህ ዶላር ሲደርስ ተማሪና ጀማሪ ሠራተኛ ገዛው። ቺንጋው ግን የሚጠይቀው የባለጸጋውን ሒሳብ ነው። አዲሱ ባለቤት ገንዘቡን መኪናው ላይ ጨርሷል፤ ቺንጋውን «የሚቀጥለው ዓመት» አለ። ቺንጋው ተበጠሰ። ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ይህን አይቶ «ፖርሽ የማይረባ መኪና ነው» ብሎ አወራ፤ ወሬው ዋጋውን የበለጠ አወረደው፤ የወረደው ዋጋ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ አቅም የሌለውን ገዢ ጠራ። ክፉ ስም የወጣለት መኪናው ነው፤ ጥፋቱ ግን በዋጋና በወጪ መካከል የተፈጠረው ገደል ነበር።

እያንዳንዱ ብር የት ይሄዳል

ስለ ቺንጋው ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም መኪናውን የሚያኖረውም የሚገድለውም እሱ ነው። በሞተሩ ፊት ያሉት ቺንጋዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የቫልቩን ዘንግና የውሃ ፓምፑን ያዞራል፤ ሁለተኛው ማመዛዘኛ ዘንጎቹን። የማመዛዘኛው ቺንጋ ሲበጠስ ብቻውን አይሄድም፤ ቁራጩ ከትልቁ ቺንጋ ሥር ሊገባና እሱንም ሊያስዘልለው ይችላል። ሁለቱም ጎማ በመሆናቸው መኪናው ቆሞም ያረጃሉ። ሻጩ «በዓመት ሦስት መቶ ማይል ብቻ ነው የነዳሁት» ቢል ለቺንጋው ይህ መጽናኛ አይሆነውም። የሚያውቁ ባለቤቶች የሄደውን ርቀት ሳይጠብቁ በየአራት ዓመቱ ይቀይሩታል፤ እኔም ይህን ልማድ እደግፋለሁ። ከዚህ በተጨማሪ በዘንጎቹ ጫፍ ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክሉ የላስቲክ ቀለበቶች ሲያረጁ ዘይቱ ቺንጋው ላይ ይንጠባጠባል፤ ዘይት የነካው ጎማ ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ አንዴ ከተከፈተ ቺንጋዎቹን፣ መወጠሪያ ሮለሮቹን፣ ቀለበቶቹንና የውሃ ፓምፑን አብሮ መቀየር ነው ትክክሉ። ሥራው አሜሪካ ውስጥ በልዩ ባለሙያ ሲሠራ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። ከ1987 በፊት በወጡት ሞተሮች ላይ ደግሞ ውጥረቱ በልዩ መለኪያ ይስተካከላል፤ ከጥቂት ወራት ጉዞ በኋላም እንደገና መታየት አለበት። ይህን ሁለተኛ ምልከታ ብዙ ጋራዥ ይዘልለዋል፤ ልምድ ያለው ባለቤት አይዘልልም።

ሁለተኛው ትልቅ ወጪ ፍሪሲዮኑ ነው። ቅድም ያመሰገንነው አቀማመጥ እዚህ ላይ ዕዳውን ያስከፍላል። ፍሪሲዮኑ ከሞተሩ ጀርባ፣ ካምቢዮው ከመኪናው ጀርባ፣ በመካከላቸው ያ ወፍራም ቱቦ አለ። ፍሪሲዮኑ ጋ ለመድረስ ማርሚታውን ማውረድ፣ ከኋላ ያለውን ካምቢዮ መፍታት፣ ቱቦውን ወደ ኋላ መሳብ ግድ ነው። በተራ መኪና ላይ ግማሽ ቀን የሚወስደው ሥራ እዚህ ብዙ ተጨማሪ ሰዓት ይፈጃል፤ ሒሳቡም በቀላሉ ከሁለት ሺህ ዶላር ያልፋል። ፋብሪካው የገጠመው የፍሪሲዮን ዲስክ መሐሉ ጎማ በመሆኑ ጎማው አርጅቶ ሲፈራርስ ድንገት ማርሽ አልገባ ይላል። ዛሬ የሚሸጠው ምትክ በስፕሪንግ የሚሠራ ስለሆነ አንዴ የተቀየረ ይህ ችግር አይመለስበትም። ቱቦው ውስጥ ያሉት ኩሽኔታዎችም ሲያልቁ ከመኪናው ወለል ሥር የሚንጫጫ ድምፅ ይሰማል። ቱቦው ለፍሪሲዮኑ ተብሎ በተሳበ ጊዜ እነሱንም ማደስ ብልህነት ነው፤ ሌላ ጊዜ ለብቻቸው ሲሆን ያው ሒሳብ ድጋሚ ይከፈላል።

ሦስተኛው ሰውን በከንቱ የሚያስደነግጥ ብልሽት ነው። በራዲያተሩ የውሃ ዕቃ ውስጥ ቡና ከወተት ጋር የተቀላቀለ የሚመስል አረፋ ይታያል፤ መካኒኩ «የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሄዷል» ይላል፤ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ይሸጣል። በ944 ላይ ግን ዘይትና ውሃ የሚገናኙበት ሌላ ቦታ አለ፤ ዘይቱ በውሃ የሚቀዘቀዝበት ክፍል ከሞተሩ ጎን ተለጥፏል፤ ማሸጊያ ላስቲኮቹ ሲደርቁ ዘይቱ ወደ ውሃው ያልፋል። ላስቲኮቹ ርካሽ ናቸው፤ ሥራው ቆሻሻ ነው እንጂ ቴስታታ ከማውረድ ጋር አይነጻጸርም። ይህን የሚያውቅ ገዢ ሌላው የሸሸውን ጥሩ መኪና በቅናሽ ያገኛል።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፍ። የነዳጅ ፓምፑን የሚያበራው ትንሽ ሪሌይ (የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ውስጡ ያለው ብየዳ በሙቀት ይሰነጠቅና መኪናው መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ዋጋው ጥቂት አሥር ዶላር ነው። ዳሽቦርዱ በፀሐይ ይሰነጠቃል። የኋላው ትልቅ መስተዋት ከብረት ፍሬሙ ይላቀቅና ዝናብ ያስገባል። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ውስጥ ያለች የፕላስቲክ ጥርስ ትሰበራለች፤ ስለዚህ መቁጠሪያው ላይ ያለውን ቁጥር እንደ ማስረጃ መቀበል አይገባም። በኋለኞቹ ሞዴሎች የፊት እግሩን የሚይዘው የአሉሚኒየም ክንድ መገጣጠሚያው ሲያልቅ ሊሰበር ይችላል፤ ይህ የደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ ለነገ አይባልም። ሞተሩ ራሱ ግን ጠንካራ ነው። ሲሊንደሮቹ ሲሊኮን ከበዛበት አሉሚኒየም የተሠሩ በመሆናቸው አንዴ ከተቧጠጡ በተራ ጋራዥ አይታደሱም፤ ዘይቱ በሰዓቱ ከተቀየረለት ግን ከ200 ሺህ ማይል በላይ የሚሄድ ነው።

ሁለት ገዢዎች

ሒሳቡን ለማሳየት ሁለት ገዢዎችን እናስብ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው። የመጀመሪያው በ5 ሺህ ዶላር ሰነድ የሌለው 944 ገዛ። ቀለሙ ያበራል፤ ሻጩ ስለ ቺንጋው ሲጠየቅ «ከእኔ በፊት የነበረው ቀይሮታል መሰለኝ» አለ። በመጀመሪያው ዓመት ቺንጋና ፓምፕ፣ ፍሪሲዮን፣ የፊት ክንዶች፣ ጎማ፣ የደረቁ የነዳጅ ቱቦዎች ተከታተሉ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ሌላ 7 ሺህ ዶላር ወጣ። ሁለተኛው በ12 ሺህ ዶላር ገዛ። የአሥራ አምስት ዓመት ደረሰኝ በአንድ ማህደር ተሰብስቦ ተሰጠው፤ ፍሪሲዮኑ ተቀይሯል፣ ቺንጋው ሁለት ዓመት ነው። ሁለቱ ገዢዎች ያወጡት ገንዘብ እኩል ነው። አንደኛው ግን ዓመቱን በጋራዥ ደጃፍ አሳለፈ፣ ሌላው ነዳ። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ያወጣው 7 ሺህ ዶላር በመሸጫ ዋጋው ላይ አይመለስለትም፤ ሁለተኛው መኪናውን በዚያው ሥርዓት ከያዘው የከፈለውን ያህል አግኝቶ ሊሸጠው ይችላል።

«ውዱን ርካሽ» መግዛት የምለው ይህንን ነው፤ ሌላ ሰው አስቀድሞ የከፈለበትን መኪና። ዛሬ ዕድሉ ከቀድሞው ጠቧል። በአየር የሚቀዘቅዙት የ911 ሞዴሎች ዋጋ በ2010ዎቹ ወደ ሰማይ ሲወጣ ዓይኖች ወደ 944ም ዞሩ፤ ተርቦው፣ ኤስ 2ና 968ቱ በተለይ ተወደዱ። ተራው ባለ ስምንት ቫልቭ 944 ግን አሁንም ከቤቱ ልጆች ለመድረስ ከቀለሉት አንዱ ነው። ለመጀመሪያ ገዢ የምመክረውም እሱን ነው፤ ተርቦው ሙቀትና ቱቦ ይጨምራል፣ ባለ አሥራ ስድስት ቫልቮቹ ሞተሮች ደግሞ በሁለቱ የቫልቭ ዘንጎች መካከል ያለ የራሳቸው ሰንሰለትና መወጠሪያ አላቸው፤ መወጠሪያው ሲያልቅ ጥፋቱ ከቺንጋው አይተናነስም።

የት ሆኖ መያዝ ይቻላል

የሚኖሩበት ቦታ በዚህ ጉዳይ ላይ ከባድ ሚና አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ መያዝ የሚታሰብ አይደለም፤ መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሶማሌ ተራ ውስጥ የኮሮላን ክፍል ሁሉ ማግኘት ይቻላል እንጂ የ944ን የውሃ ፓምፕ ማን ያመጣዋል? በባሕረ ሰላጤው አገሮች መኪናው ሕይወት አለው፤ ፀሐዩ ግን ለጎማና ለፕላስቲክ ጠላት ነው፤ ጥላ ያለው ማቆሚያ የሌለው ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

በዋሽንግተን ዲሲና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ነገሩ ይለያል። የአሜሪካ የፖርሽ ክለብ በ1955 የተመሠረተው እዚያው አካባቢ ነው። ከ911 ባለቤቶች አንዳንዶቹ የእንጀራ ልጁን ዛሬም በጎን ያዩት ይሆናል፤ ክለቡ ግን 944ን እንደ ማንኛውም ፖርሽ ይቀበላል። በአባላቱ መካከል ይህን መኪና ሠላሳ ዓመት የያዙ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ጋር አንድ ቅዳሜ ማሳለፍ ብዙ ሺህ ዶላር ያድናል፤ የትኛው መካኒክ የቺንጋ መለኪያው እንዳለው፣ የትኛው መኪና ለሽያጭ ሊቀርብ እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የተወሰነ ርቀት ብቻ ለሚነዳ አሮጌ መኪና ዋጋውን አስቀድሞ በስምምነት የሚወስን ኢንሹራንስም አለ፤ ክፍያው ከዕለት መኪና ኢንሹራንስ ያነሰ ነው።

ታክሲና ኡበር ነድቶ፣ ሁለት ሥራ ሠርቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። 944 ብቸኛ መኪና መሆን የለበትም። ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው፣ ለሌሊት ሥራ የሚያነሳው መኪና የማይሰበር መሆን አለበት። 944 ያንን ጫና ስናሸክመው በመጀመሪያው ብልሽት እንጠላዋለን፤ ጥፋቱ የእኛ ይሆናል። ለመኪናው ከሚከፈለው ዋጋ ሌላ፣ በገዙበት ቀን ሊወጣ የሚችል ቢያንስ ሦስት ሺህ ዶላር ያልያዘ ሰው ይታገሥ፤ ዓመት ቢቆይ መኪናው የትም አይሄድም።

በሌላ በኩል ብሎን መፍታት የሚወድ ሰው ካለ፣ በተለይ አባቱ ወይም አጎቱ እሑድ ከሰዓት ቮልስ ሲፈቱ ጎናቸው ቆሞ መፍቻ ያቀበለ ሰው ከሆነ፣ ይህ መኪና ለእሱ የተሠራ ያህል ነው። አብዛኛው የ944 ወጪ የእጅ ሥራ ሰዓት ነው፤ ክፍሎቹ ራሳቸው ያን ያህል አይወደዱም። ቺንጋውን ለመቀየር ትዕግሥት፣ መለኪያውና ሁለት ቀን ይበቃል። አሠራሩ ላለፉት አርባ ዓመታት በሰዎች ተጽፏል፣ ተቀርጿል፣ ተብራርቷል። የዛሬ መኪና ኮፈኑ ሲከፈት የሚታየው የፕላስቲክ ሽፋን ነው፤ የ944 ኮፈን ሥር እያንዳንዱ ክፍል ሥራው ይታወቃል፣ እጅም ይደርስበታል። ይህን ልምድ ከልጁ ጋር ለማካፈል ለሚፈልግ አባት ወይም እናት ደግሞ ዋጋ የሚተመንለት ነገር አይደለም። መኪናው ከኋላ ሁለት ትንንሽ መቀመጫዎች አሉት፤ ልጆቹ እስኪያድጉ ይይዟቸዋል።

የሚገዛው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያደርገውን ልናገር። ሻጩ ምንም ቢል፣ ደረሰኝ ከሌለ ቺንጋዎቹ ይቀየራሉ፤ እስኪቀየሩ ድረስ መኪናው ወደ ጋራዡ በጭነት ይሄዳል እንጂ አይነዳም። አንድ ተጨማሪ ሪሌይ ተገዝቶ በመሳቢያው ውስጥ ይቀመጣል። የፊት ክንዶቹ መገጣጠሚያ ይፈተሻል። ከፊተኛው መስተዋት ሥር ባለው ቦታ ውሃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች ቅጠል እንዳይደፍናቸው ይጸዳሉ፤ ከተደፈኑ ውሃው ወደ ተሳፋሪው እግር ሥር ይገባል። መቁጠሪያው ስለማይታመን ደግሞ ቺንጋው የተቀየረበት ቀንና ዓመት በማይጠፋ ቀለም ተጽፎ ኮፈኑ ሥር ይለጠፋል። ጽሑፉ ከአሥር ዓመት በኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ለሚያየው ገዢ ነው።